የነሐሴ ማታ እራት በጎንደር፦ ሽሮ እና ጎመን በድንች

ነሐሴ ላይ ጎንደር ከሰዓት በኋላ ዝናቡን ስታወርደው ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ የሚገባው በጊዜ ነው። ጫማው ርሶ፣ እጁ ቀዝቅዞ። እንዲህ ላለ ማታ አምስት ዓይነት ወጥ መደርደር አያስፈልግም። በደንብ የበሰለ ሽሮ፣ ጎመን በድንች፣ ከተገኘ ደግሞ ትኩስ እንጀራ ይበቃል። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ ስለሆነ ሁለቱም የጾም ናቸው። የማይጾም ልጅ ቤት ውስጥ ቢኖርም ከአንዱ ድስት ይበላል።

መጠኑ ለአራት ወይም ለአምስት ሰው ነው። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ከጀመራችሁ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ማዕድ ይቀርባል። ይህን ጊዜ አታሳጥሩት። የሽሮ ጣዕም ያለው ቅመሙ ላይ ብቻ አይደለም፤ ቁሌቱና ትዕግሥቱ ላይ ነው።

ከገበያ ምን ይገዛ?

ሁለት ትልልቅ እስር የአበሻ ጎመን፣ አምስት መካከለኛ ድንች፣ ስድስት ራስ ቀይ ሽንኩርት፣ ሁለት ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ አውራ ጣት የምታህል ዝንጅብል፣ ሦስት ቃሪያ። ቤት ውስጥ ምጥን ሽሮ፣ ዘይት፣ ጨውና መከለሻ እንደማይጠፋ እገምታለሁ። አንድ ቀንበጥ ትኩስ በሶብላ ካገኛችሁ አትለፉት።

ክረምት የጎመን ጊዜ ነው። ቅጠሉን አጠፍ ስታደርጉት ቀጭ ብሎ የሚሰበረውን ምረጡ። እንደ ጨርቅ የሚተጣጠፈው ያደረ ነው። ድንቹ ጭቃ ቢኖርበት ግድ የለም፤ ቆዳው አረንጓዴ የሆነውን ግን አትግዙ። ይመራል፣ ለጤናም ጥሩ አይደለም። ሽንኩርት ላይ ግን ተጠንቀቁ። በክረምት ይወደዳል፣ ቶሎም ይበሰብሳል። አንገቱን በአውራ ጣት ጫን በሉት። ከለሰለሰ ውስጡ ተበላሽቷል። ብዙ ገዝቶ በፌስታል አፍኖ ማስቀመጥም ገንዘብ መጣል ነው። የሚበቃችሁን ያህል ገዝታችሁ አየር የሚያገኝበት ቦታ ላይ ዘርጉት።

ቁሌቱ

አራቱን ሽንኩርት አድቅቃችሁ ክተፉ። ድስቱን ጣዱና ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ጨምሩት። እሳቱ መካከለኛ ይሁን።

እዚህ ላይ ጆሯችሁን ተጠቀሙ። መጀመሪያ ሽንኩርቱ ውሃውን ስለሚለቅ ድምፁ እርጥብ ነው፣ ይንሾካሾካል። ውሃው እያለቀ ሲሄድ ድምፁ ይደርቃል፣ ድስቱ ሥርም መያዝ ይጀምራል። የክረምት ሽንኩርት ውሃው ስለሚበዛ እዚህ ለመድረስ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል። ከያዘባችሁ አንድ ማንኪያ ውሃ ጠብ አድርጉና በማማሰያ ፈቅፍቁት። ዘይቱ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው፤ አንድ የቡና ስኒ ይበቃል። ዘይቱን ከመጀመሪያው ብትጨምሩት ሽንኩርቱ ሳይሟሽሽ ዳር ዳሩ ይጠበስና ወጡ ውስጥ ለብቻው ይንሳፈፋል። ወርቃማ ሲሆን የአንዱን ራስ ነጭ ሽንኩርትና የዝንጅብሉን ግማሽ ወቅጣችሁ ጨምሩ። ሁለት ደቂቃ ካቁላላችሁት ይበቃዋል። ነጭ ሽንኩርት ካረረ ይመራል።

ሽሮው

አንድ ተኩል ኩባያ ሽሮ ለስድስት ኩባያ ውሃ ያዙ። ከውሃው ሁለቱን ኩባያ ቀዝቃዛውን አስቀሩና አራቱን አፍልታችሁ ቁሌቱ ላይ ጨምሩ። እስኪንፈቀፈቅ ጠብቁ።

እናቶቻችን በአንድ እጅ ሽሮውን እየበተኑ በሌላው ያማስላሉ፤ አንዲት ጓል አይወጣውም። እጁ ያልለመደ ሰው ግን ሽሮውን በቀዝቃዛው ውሃ በጥብጦ ቢጨምረው ይሻለዋል። ደረቅ ዱቄት የፈላ ውሃ ሲነካው ውጭው ወዲያው በስሎ ይዘጋል፣ ውስጡ ደረቅ ሆኖ ይቀራል። ጓሉ የሚመጣው ከዚህ ነው። የተበጠበጠውን ቀስ እያላችሁ አፍስሱ፣ ማማሰሉን አታቋርጡ።

አሁን እሳቱን ቀንሱ። ሽሮ ሲወፍር ይፈነጥቃል፣ ፍንጣሪው ደግሞ ያቃጥላል። ስለዚህ ክዳኑን ገርበብ አድርጉት፣ ልጆችንም ከምድጃው ራቅ አድርጉ። ከ25 እስከ 30 ደቂቃ በዝግታ ይንተክተክ። በየአምስት ደቂቃው ሥሩን አማስሉ። ሽሮ ከመፈጨቱ በፊት የተቆላ ቢሆንም ጥሬ ጥሬ የሚለው ጣዕም የሚጠፋው ድስት ውስጥ ሲቆይ ነው። መብሰሉን በሁለት ነገር ታውቁታላችሁ፦ ዘይቱ ፊቱ ላይ ጣል ጣል ይላል፣ ሽታውም ከዱቄት ሽታ ወደ ወጥ ሽታ ይለወጣል። ከወፈረባችሁ ሙቅ ውሃ ጨምሩ፣ ቀዝቃዛ አታድርጉበት። ጨው፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ መከለሻና በሶብላው መጨረሻ ላይ ይገባሉ።

በርበሬ የማይችል ትንሽ ልጅ ካለ ከቁሌቱ ጥቂት ቀንሳችሁ በትንሽ ድስት ነጭ ሽሮ ሥሩለት። አሥር ደቂቃ እንኳ ተጨማሪ ሥራ የለውም፤ ልጁ ግን ከሰው እኩል ሞቅ ያለ ይበላል።

ጎመኑ፣ ሽሮው እስኪበስል

ጎመኑን ቀንጥሳችሁ በደንብ እጠቡት። ሁለት ሦስት ውሃ ይቀያየርለት፤ የክረምት ጎመን አፈር ይይዛል። ወፍራሙን አገዳ አውጡና ቅጠሉን አድቅቁ። ጥርሳቸው የደከመ አያት ወይም አባት ካሉ ደግሞ ይበልጥ አድቅቁት።

የቀሩትን ሁለት ሽንኩርት በትንሽ ዘይት ለስለስ እስኪሉ ብቻ አቁላሉ። ቀሪውን ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጨምሩ። በአራት የተከፈለውን ድንች ከአንድ ኩባያ ውሃ ጋር አስገቡና ክደኑ። ጎመኑን አብራችሁ አታስገቡ፤ ድንቹ ቀድሞ ይጀምር። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ93 አካባቢ ነው። ለዚህ ነው ድንችም ሆነ ጥራጥሬ ቆላ ካለው ዘመዳችን ቤት ይልቅ እዚህ የሚቆየው። ከ12 ደቂቃ በኋላ ቢላ ስትሰኩበት መግባት ሲጀምር ጎመኑን ከላይ ጣሉበት። ብዙ ቢመስልም ሙቀቱ ሲነካው ይሟሽሻል። ሌላ 15 ደቂቃ ይብሰል። ጨውና የተሰነጠቀ ቃሪያ አድርጉና አውጡት።

መብራት ከሄደና በከሰል የምትሠሩ ከሆነ በሩን ወይም መስኮቱን ክፍት አድርጉ። ብርዱን ፈርቶ ቤት ዘግቶ ከሰል ማንደድ ሰው ይገድላል፤ ጭሱ ባይታይም ጋዙ አለ። ምግቡ ሲያልቅ ከሰሉን ደጅ አውጡት። በነሐሴ የእሸት በቆሎም ስለሚገኝ፣ ወጡ እስኪደርስ በረንዳ ላይ ሁለት ሦስት ራስ ብትጠብሱ ልጆቹ በረሃብ አይነጫነጩም።

ማዕዱ

ሽሮውን ከነድስቱ አቅርቡት፤ ሙቀቱን ይይዛል። እንጀራው ላይ መሀሉን ለሽሮ፣ ዳሩን ለጎመን አድርጉ። እኛ ዘንድ እንግዳ «በቃኝ» ሲል «አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ!» ይባላል። ለትልቅ ሰው ደግሞ «ይቺን ብቻ ይጉረሱልኝ» ነው። ስለዚህ ከምትገምቱት አንድ ሰው ጨምራችሁ ሥሩ። በዝናብ ጊዜ ጎረቤት ብቅ ማለቱ አይቀርም።

ፍልሰታ ሲፈታ ዘይቱን በንጥር ቅቤ ለውጡት፣ ጎመኑ አጠገብም አይብ አድርጉ። ጥቅምት ሲገባ ደግሞ እሸት ባቄላ ይወጣል። ያኔ ከድንቹ ግማሹን በእሸት ባቄላ ተኩት።

ከተረፈ አይጣል። ሽሮው ካደረ ይጠጥራል። ጠዋት ላይ ግማሽ ኩባያ ሙቅ ውሃ ጨምራችሁ በቀስታ አላሉት። ከዚያ እንጀራ ቆራርሳችሁ ጨምሩበትና ፍርፍር አድርጉት። ወደ ሥራ የሚወጣ ሰው ይህን በልቶ ቢወጣ እስከ ምሳ ሰዓት አይርበውም።