የጭቃ ቤት መስኮት እንዴት ይሰፋል? (ጣሪያው ሳይወርድ)

የእናቴ ቤት ደብረ ብርሃን ዳር ላይ ነው። የከተማው ስም ብርሃን ብርሃን ይላል፤ የእናቴ ሳሎን ግን በቀትር አምፖል ይፈልግ ነበር። ጥፋቱ የሠሪዎቹ አይደለም። አገሩ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያልፋል፤ ውርጩ አይጣል ነው። የድሮ ሰው መስኮት ያወጣ የነበረው ደጁን አጮልቆ ለማየት ያህል ነው።

ግድግዳ ከመንካታችሁ በፊት ርካሹን ሞክሩ። የመጋረጃውን ዘንግ ከመስኮቱ ግራና ቀኝ ስንዝር ስንዝር አስረዝሙት፤ ሲከፈት ጨርቁ ግድግዳው ላይ ይሰብሰብ እንጂ መስታወቱን አይሸፍን። ጭስ የጠጣውን ግድግዳ ነጭ ቀቡት። በሩ ድፍን ላሜራ ከሆነ ብየዳ ቤት ውሰዱና የላይኛውን ሲሶ አስቆርጣችሁ ፍርግርግና መስታወት አስገቡበት። የእኛ ኮሪደር የዳነው በዚህ ብቻ ነው።

ካልበቃ አቅጣጫ ምረጡ። ምሥራቅ የት እንደሆነ ጠዋት ተነስቶ ለሚጸልይ ሰው አይነገረውም። ውርጭ ላደረበት ቤት የጠዋት ፀሐይ መድኃኒት ናት። ደቡብም ደህና ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር ብርዱ ሲብስ ፀሐይ ወደ ደቡብ አዘንብላ ነው የምትሄደው። ነፋሱ በየት በኩል እንደሚመታችሁ ግን ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም።

መስኮቱን ወደ ጎን ከማስፋት ወደ ላይ ማስረዘም ይሻላል። ብርሃን ወደ ክፍሉ የሚዘልቀው በግምት የመስኮቱ አናት ከወለል ያለውን ከፍታ እጥፍ ያህል ነው። አናቱ 1.5 ሜትር ላይ ከቀረ 3 ሜትር ገደማ ያበራል፤ 2 ሜትር ከደረሰ 4።

አሁን ወደ ዋናው። ጭቃ ግድግዳ ውስጥ ቋሚዎች አሉ። ማገሩ የሚመታው እነሱ ላይ ነው፤ ጣሪያውን የሚሸከሙትም እነሱ ናቸው። እኔ ይህን ልብ ሳልል አንድ ቅዳሜ መጋዝና መዶሻ ይዤ ገባሁበት። ምርጊቱን አፈረስኩ፣ ማገሩን ቆረጥኩ፣ መሃል ላይ የተገተረውንም ቋሚ ጎመድኩት። ምንም አልሆነም። ኩራት ቢጤም ተሰማኝ። ማታ እናቴ በሩን ልትዘጋ ብትል እምቢ አላት። ጣሪያው ሁለት ጣት ያህል ወርዶ መቃኑን ተጭኖታል! በማግስቱ የሰፈራችን አናጺ መጡ። ቀና ብለው አዩ፣ ዝቅ ብለው አዩ። «ልጄ፣ ይኸ ቋሚ ምን በደለህ?» አሉኝ። ላቀናው ያወጣሁት ገንዘብ አዲስ መስኮት ይገዛ ነበር።

እሳቸው ያሳዩኝ እንዲህ ነው። ምንም ሳይቆረጥ፣ ከውስጥ በኩል ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ራቅ ብሎ፣ በወራጆቹ (ቆርቆሮው በተመታባቸው የጣሪያ እንጨቶች) ሥር ወፍራም የባሕር ዛፍ አግዳሚ ይገባል። በሁለት ጠንካራ ባላ ይወጠራል። የባላው እግር ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አድርጉ፤ አፈር ወለል ላይ ብቻውን ከቆመ ይሰምጣል። ወራጁ ሲጥ ሲል በቂ ነው፣ አቁሙ፤ ከዚያ በላይ ከገፋችሁ የቆርቆሮውን ሚስማር ትነቅላላችሁ።

ከዚያ ጉበኑ፣ ማለትም ከመስኮቱ አናት ላይ የሚጋደመው እንጨት፣ ይቀድማል። በጉበኑ ልክ ብቻ ምርጊቱን ፈልፍሉ። ጉበኑ ከግራና ከቀኝ ሙሉ ቋሚዎች ላይ መድረስ አለበት። ከሁለቱም ጫፍ ሥር ረዳት ቋሚ አቁሙለት፤ በሚስማር ብቻ አይንጠልጠል። ውሃ ልክ አስቀምጡበት፣ በዓይን አትመኑ። የሚቆረጠውን ቋሚ አናት ከጉበኑ ጋር ምቱትና ከሥሩ ያለውን ያኔ ቁረጡ።

የድንጋይ ቤት ከሆነ እኔ የለሁበትም፤ ግንበኛ አስመጡ። ግን አንድ ነገር ንገሩት፦ የመስኮቱን ጎኖች ወደ ውስጥ እያሰፋ ይገንባቸው። ወፍራም ግድግዳ ላይ በቀጥታ የተቆረጠ መስኮት ብርሃኑን ራሱ ይውጠዋል።

መቃኑን መግጠም ቀላል ነው። ዙሪያውን የምትመርጉበት ጭቃ ግን ከጭድ ጋር ጥቂት ቀን ይቡካ፤ በዕለቱ የተለወሰ ጭቃ ይሰነጠቅና ነፋስ ያስገባል። የታችኛው ደፍ ወደ ውጭ ያዘቅዝቅ፤ አለበለዚያ የክረምት ውሃ ግድግዳው ውስጥ ይገባል። መስታወቱ 4 ሚሊ ይሁን። 3 ሚሊው ይረክሳል፣ ግን ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ልባችሁ አብሮ ይንቀጠቀጣል። ባላውን ምርጊቱ ደርቆ ሳታዩ አታንሱ።

የድሮውን የእንጨት መዝጊያ አትጣሉት። ለአዲሱ ልክ አስቀጥሉትና መልሳችሁ ግጠሙት፤ ሌሊት ባዶ መስታወት ብርድ ነው። እናቴ መዝጊያውም አልበቃት ብሎ ማታ ማታ የመንዝ ባና ትሰቅልበታለች። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ባናውን ታወርድና ምስሯን እዚያው ሥር ቁጭ ብላ ትለቅማለች።