እርጥብ ስትበሉ መሥራት የሌለባችሁ ስህተቶች

እርጥብ ማለት ዳቦ ውስጥ የገባ ድንች ነው። ላዩ ላይ ዳጣ። በቃ። ግን አራት ኪሎና ፒያሳ ላደገ ሰው እንዲህ ብላችሁ ብትገልጹለት ይከፋዋል። እኔም እየጻፍኩት ከፋኝ።

ትልቁ ስህተት ቤት ወስዶ መብላት ነው። በፌስታል ገብቶ ታክሲ ከተሳፈረ አለቀለት። ከአራት ኪሎ መገናኛ እስክትደርሱ እንፋሎቱ ዳቦውን ያላሽቀዋል። ስሙን ሰምታችሁ እንዳትሸወዱ። መርጠብ ያለበት ውስጡ ነው፤ ዳቦው ጥርስ ላይ ትንሽ እምቢ ማለት አለበት። ስለዚህ እዚያው፣ ቆማችሁ፣ በትኩሱ። ነጭ ሸሚዝ ከለበሳችሁ ጎንበስ በሉ።

ሁለተኛው ጉራ ነው። «ዳጣ ጨምሪበት!» ብዬ ያዘዝኩበትን ቀን አልረሳውም። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነበርኩ፤ አጠገቤ የክፍላችን ሴቶች ነበሩ። እንባዬ ዱብ ዱብ ሲል «ጉንፋን ይዞኝ ነው» አልኩ። ማንም አላመነኝም። ሲያቃጥላችሁ ወደ ውሃ አትሩጡ፤ ቃጠሎው በውሃ አይለቅም። የዳቦውን ጫፍ አላምጡ። ወተት ከተገኘማ ይሻላል።

በነገራችን ላይ ፆም ከሆነ ጠይቁ። አንዳንድ ቤት እንቁላል ይጨምራል።

«የኛ ምግብ አይደለም» ማለትስ? አንድ የሥራ ባልደረባዬ «የችስታ ምሳ» ይለዋል። የችስታ ምሳ መሆኑን አልክድም፤ ስንት ወር መጨረሻ አሻግሮኛል። የኛ አይደለም ሲል ግን እንጣላለን። በትውልድ አገር ከሆነ ድንቹ የደቡብ አሜሪካ ነው፤ ወደኛ ያመጣው በ1858 እ.ኤ.አ. አካባቢ ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ እንደሆነ ተጽፏል። ፉርኖ የሚለው የዳቦ ስም ጣሊያንኛ ነው። ፒያሳም ጣሊያንኛ ነው። በርበሬም ቢሆን ዘሩ ከአሜሪካ ነው። ታዲያ ዶሮ ወጥን «የኛ አይደለም» የሚል ደፋር አለ?

ለብቻ መብላትም ስህተት ነው። ጉርሻ የእንጀራ ነው፤ እርጥብ ላይ አይመችም። የእርጥብ ጉርሻ «እንካ፣ ግመጥ» ብሎ ማስጠጋት ነው። ተማሪ ሳለን ከጓደኛዬ ጋር አንድ ለሁለት እንገዛ ነበር። እሱ ይቆርሳል፣ እኔ እመርጣለሁ።

«ሌላ ቀን እበላለሁ» ማለትንም ተዉ። የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ የኛዋ ጠባብ እርጥብ ቤትም አብራ ሄደች። ሌላ ቀን እያልን ሁለት ዓመት ሳንረግጣት ቆይተን ነበር። አሁን ከዚያ ጓደኛዬ ጋር አራት ኪሎ እንቀጣጠራለን። ደመወዝተኞች ነን፣ ሁለት መግዛት አያቅተንም። አንድ ነው የምንገዛው። እሱ ይቆርሳል። እስካሁን እኩል መቁረስ አልቻለበትም።