የነፋስ ኃይል ማመንጫ ሰብስቴሽን፦ የኒውትራል ኢምፔዳንስ ሲመረጥ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

የቀድሞ ፕሮጀክትን ቁጥር መገልበጥ። የኒውትራል ኢምፔዳንስ የትራንስፎርመሩን ኒውትራል (የሦስቱን ፌዞች የጋራ ነጥብ) ከመሬት ጋር የሚያያይዝ፣ አንድ ፌዝ ከመሬት ጋር ሲገናኝ (ኧርዝ ፎልት) የሚፈሰውን ከረንት የሚገድብ ነው፤ እዚህ የማወራው ስለ ሬዚስተር ነው። «ፎልቱን በ400 አምፔር መገደብ ይበቃል» ተብሎ ለ33 ኪሎቮልት 48 ኦም ገደማ የሆነ ሬዚስተር ይታዘዛል። ኬብሉን ግን ማንም አላሰላውም። ተርባይኖቹ ከሰብስቴሽኑ ጋር የሚገናኙት በአብዛኛው በረጅም የመሬት ውስጥ ኬብል ነው፤ የኬብል ካፓሲታንስ (ቻርጅ የመያዝ አቅም) ደግሞ ከአየር ላይ መስመር እጅግ ይበልጣል። በአንድ ፌዝ በኪሎ ሜትር 0.2 ማይክሮፋራድ ብንወስድ፣ በ50 ኸርዝ ኧርዝ ፎልት ሲፈጠር እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 3.6 አምፔር ያህል ካፓሲቲቭ ከረንት ይጨምራል። 40 ኪሎ ሜትር ኬብል 144 አምፔር ገደማ ይሆናል። የሬዚስተሩ ከረንት ከዚህ ካነሰ፣ እየጠፋ እንደገና የሚቀጣጠል ፎልት በጤነኞቹ ፌዞች ላይ ቮልቴጁን እየደራረበ ሊያንረው ይችላል። ስለዚህ ቢያንስ እኩል፣ ቢቻል የሚበልጥ ይሁን። የኬብሉ ርዝመት ከተለወጠ ስሌቱ ይደገም።

ብሬከሩ (መስመሩን የሚቆርጠው ማብሪያ ማጥፊያ) ከተከፈተ በኋላ ያለውን መርሳት። ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ፎልት ያለበት ፊደር (ተርባይኖችን ከሰብስቴሽኑ ጋር የሚያገናኝ የኬብል መስመር) በሰብስቴሽኑ በኩል ሲቆረጥ ተርባይኖቹ ገና እየሠሩ ሊሆን ይችላል። የተርባይን ትራንስፎርመሮች በኬብሉ በኩል አብዛኛውን ጊዜ ዴልታ (ኒውትራል ነጥብ የሌለው አያያዝ) ስለሆኑ፣ የተቆረጠው ፊደር ከመሬት ጋር ምንም ማያያዣ አይኖረውም። የጤነኞቹ ፌዞች ቮልቴጅ 1.73 እጥፍ ይሆናል፤ ተርባይኖቹ ጭነት ስላጡ ከዚያም በላይ ሊወጣ ይችላል። በዚያች ቅጽበት የሰብስቴሽኑ ሬዚስተር የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢመረጥ ምንም አይረዳም። መፍትሔው በየፊደሩ የኧርዚንግ ትራንስፎርመር (ኒውትራል ነጥብ ፈጥሮ ከመሬት ጋር የሚያያይዝ) መትከል፣ ወይም ተርባይኖቹ ቀድመው እንዲቆሙ ማድረግ፣ ወይም እንደተከፈተ ፊደሩን ከመሬት ጋር የሚያገናኝ ብሬከር መጠቀም ነው። ምርጫው ከሬዚስተሩ ጋር በአንድ ጊዜ ይወሰን።

የመብረቅ መከላከያውን ለብቻው መምረጥ። ኒውትራሉ በሬዚስተር ሲታሰር፣ በፎልት ጊዜ የጤነኛ ፌዝ ቮልቴጅ ከ19 ወደ 33 ኪሎቮልት ገደማ ይደርሳል። ኒውትራሉ ያለ ሬዚስተር በቀጥታ ከመሬት ጋር ለተያያዘ ሲስተም የተመረጠ መከላከያ ይህን አይችልም። ዋናው ሪሌይ (ፎልቱን አይቶ ብሬከሩን የሚያስከፍት መሣሪያ) ካልሠራ መጠባበቂያው የሚፈጀው ጊዜም ከስሌቱ መግባት አለበት።

ሪሌዩን በኋላ ማሰብ። የተገደበ ከረንት ለትልቅ የፌዝ ሲቲ (ከረንት መለኪያ ትራንስፎርመር) ትንሽ ስለሆነ ሦስቱንም ኬብሎች በአንድነት የሚያቅፍ ሲቲ ይሻላል። የኬብሉ የብረት ሽፋን በሲቲው ውስጥ አልፎ ከሆነ፣ የሽፋኑ የኧርዝ ሽቦ ተመልሶ በዚያው መሃል ማለፍ አለበት፤ ካላለፈ ሪሌዩ ፎልቱን በትክክል አያይም። ሪሌዩ መሥራት የሚጀምርበት ከረንትም ከፊደሩ የራሱ ካፓሲቲቭ ከረንት በላይ ይሁን፤ አለዚያ በሌላ ፊደር ፎልት ጤነኛው ፊደር ይቆረጣል።

ሬዚስተሩን ተክሎ መርሳት። ብዙዎቹ የሚሠሩት ሙሉ ከረንታቸውን ለ10 ሰከንድ ብቻ እንዲሸከሙ ነው። ውስጡ ቢበጠስ ደግሞ በመደበኛ ሥራ ጊዜ ምንም ምልክት አይታይም፤ ኒውትራሉ ተንሳፍፎ ይቀራል። የሬዚስተሩን መበጠስ የሚያስጠነቅቅ መቆጣጠሪያ አብሮ ይታዘዝ፤ በየጥገናውም ኦሙ ይለካ።