ከፖሊመር ክሌይ የሚሠራ ትንሽ የጅማ በርጩማ

በ1 ለ12 ልኬት፣ 36 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው በርጩማ 3 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ቡናማ ፖሊመር ክሌይ (እንደ ሸክላ ጭቃ የሚቀረጽ፣ ኦቨን ውስጥ ሲጋገር የሚጠነክር ፕላስቲክ) እስኪለሰልስ እሹ፤ በደንብ ካልታሸ ይሰነጠቃል። ለመቀመጫው 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 2.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቆርጣችሁ መሃሉን በማንኪያ ጀርባ ጎድጎድ አድርጉት።

ዋናው ሥራ እግሮቹ ላይ ነው። ክሌይ ኦቨን ውስጥ መጀመሪያ ስለሚለሰልስ ቀጭን እግር ይጎብጣል። ስለዚህ ሦስቱንም በ1 ሚሊ ሜትር ሽቦ ላይ ጠቅልሏቸው፤ ከላይ 3 ሚሊ ሜትር ሽቦ ባዶውን ትታችሁ መቀመጫው ሥር ሰኩት። እውነተኛው በርጩማ ከአንድ ግንድ የሚፈለፈል ስለሆነ መጋጠሚያ ከታየ ነገሩ ሁሉ ይበላሻል፤ በስቴኪኒ ጫፍ እየዳመጣችሁ አዋህዱት። የእንጨቱን መስመር በመርፌ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ጫሩ።

ገልብጣችሁ ሴራሚክ ላይ ጋግሩ። ሙቀቱ ማሸጊያው ላይ አለ፤ ፊሞ ለተባለው የክሌይ ምርት 110 ዲግሪ፣ 30 ደቂቃ ነው። የኦቨኑን ቁጥር አትመኑ፣ ቴርሞሜትር አስገቡ። ሙቀት ያነሰው እንደ ብስኩት ይፈረፈራል፤ የበዛበት ይጠቁራል፣ ጭሱም ጎጂ ነው፤ ከጨሰ ኦቨኑን አጥፍታችሁ መስኮት ክፈቱ።

ሲቀዘቅዝ በ400፣ ቀጥሎ በ600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ውሃ እያስነካችሁ አለስልሱት። ጥቁር ቡናማ አክሪሊክ ቀብታችሁ ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፤ ቀለሙ ጭረቱ ውስጥ ብቻ ይቀራል።