በረጅም የሞተር ሳይክል ጉዞ ቀኝ እጅ እንዳይዝል እንዴት ማድረግ ይቻላል?

በሞተር ሳይክል ረጅም መንገድ የሄደ ሰው ይህን ያውቀዋል፦ ግራ እጁ ደህና ነው፣ ቀኙ ግን ደንዝዟል። ግራ እጅ ፍሪሲዮን ጨብጦ ማርሽ ከተቀየረ በኋላ ብዙም ሥራ የለውም፤ አልፎ አልፎ ጣቶቹን ዘርግቶ ማፍታታት ይችላል። ቀኝ እጅ ግን ነዳጅ መስጫውን፣ ማለትም የሚዞረውን ቀኝ እጀታ፣ ከለቀቀው ሞላው ወዲያው ይመልሰዋል፣ ፍጥነትም ይወርዳል። ሞላው የተቀመጠውም ለዚሁ ነው፤ የነጂው እጅ ቢያመልጥ ነዳጁ በራሱ እንዲዘጋ። ስለዚህ ከሞላው ጋር ያለውን ትግል ጨርሶ ማስቀረት አይቻልም። ማስቀረት የሚቻለው ሳናውቀው በላዩ የምንጨምረውን ጫና ነው፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ ከሞላው ይበልጣል።

እጁ የዛለበት ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ዕቃ መግዛት ነው፦ ወፍራም እጀታ፣ ጄል ያለው ጓንት፣ ነዳጅ መስጫውን የሚይዝ መቆለፊያ። እኔ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ እመርጣለሁ። አያያዝን ማስተካከል ምንም አያስወጣም፣ የፍሬንና የፍሪሲዮን መጨበጫዎችን ማስተካከል የሚጠይቀው አንድ መፍቻ ነው። ዕቃው ከዚህ በኋላ ይምጣ።

1. የትኛው ጣት እንደሚደነዝዝ ይለዩ

በሚቀጥለው ጉዞ ስትቆሙ ጓንታችሁን አውልቁና የትኛው የእጃችሁ ክፍል እንደተጎዳ ልብ በሉ። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና የመሃል ጣት ከደነዘዙ በእጅ አንጓ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ ተጨንቋል ብሎ መጠርጠር ይቻላል፤ አንጓው ለረጅም ጊዜ ታጥፎ ሲቆይ የሚመጣ ነው። ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ከሆኑ ነርቩ ሌላ ነው። እሱ የሚጨነቀው የሰውነት ክብደት በመዳፍ ግርጌ፣ በትንሿ ጣት በኩል ሲያርፍ ወይም ክርን ታጥፎ ሲቆይ ነው። ከክርን በታች ክንድ ላይ የሚሰማ መገተርና ማቃጠል ደግሞ የጡንቻ ድካም ነው፤ ከሚገባው በላይ እየጨበጣችሁ ነው። መላው እጅ ከወረዳችሁ በኋላም የሚነዝር ከሆነ ከሞተሩ የሚመጣውን ንዝረት ተጠራጠሩ።

ይህን ሳይለዩ መፍትሔ መፈለግ ገንዘብ ማባከን ነው። አንጓው የታጠፈበት ሰው ወፍራም እጀታ ቢገዛ ምንም አይለወጥለትም።

2. አያያዝዎን ይቀይሩ

ትልቁ ለውጥ የሚገኘው እዚህ ነው። ብዙ ነጂ ቀኝ እጀታውን አራቱን ጣቶች በእኩል ጠቅልሎ፣ መዳፉን በቀጥታ ከላይ ጭኖ ይይዛል። እንዲህ ሲያዝ ነዳጅ ለመስጠት ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ አንጓን ወደ ታች መስበር። በዚያ ሁኔታ አንድ ሰዓት የቆየ አንጓ ቢዝል አያስገርምም።

በዚህ ፋንታ እጀታውን ካቻቢቴ እንደሚይዙ አድርገው ይያዙት። እጅዎ ትንሽ ወደ እጀታው ጫፍ ይጠጋ፤ እጀታው መዳፍዎን ቀጥ ብሎ ሳይሆን ሰያፍ ሆኖ ይለፍ፤ ዋናውን መያዝ ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ይሥሩ፤ ሌባ ጣትና አውራ ጣት ላላ ብለው ይረፉ። ክርንዎ በራሱ ጥቂት ወደ ውጭ ይወጣል። አሁን ነዳጅ ሲሰጡ የሚዞረው ክንድዎ ነው፣ አንጓዎ ብዙም አይታጠፍም። መጀመሪያ ሞተሩ ጠፍቶ ቆሞ ሳለ ደጋግመው ይለማመዱት፤ ከእጅ ፍሬኑ ጋር እንዴት እንደሚገናኝም ይሞክሩ። በዚህ አያያዝ ፍሬን ለመድረስ የሚቸገሩ ከሆነ ከተማ ውስጥ የቀድሞውን፣ ክፍት መንገድ ላይ ይህን ይጠቀሙ። እንዲያውም እያፈራረቁ መያዝ ከሁሉም ይሻላል፤ ያው ጡንቻ ሁልጊዜ አይሠራም።

ሁለተኛው ነገር መነሻው ነው። ሰው እጀታውን የሚይዘው ነዳጁ ዝግ ሳለ ነው፤ ያኔ አንጓው ቀጥ ያለ ይመስላል። በጉዞ ፍጥነት ላይ ሲደርስ ግን እጀታው ዞሯል፣ አንጓውም አብሮ ወርዷል። ትክክለኛው መለኪያ የጉዞ ፍጥነቱ ነው፦ እዚያ ላይ የእጅዎ ጀርባና ክንድዎ አንድ መስመር መሥራት አለባቸው። ስለዚህ ሲነሱ እጅዎን ትንሽ ወደ ፊት አዙረው ይያዙ። ረስተውት ከሆነ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እጀታውን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት እንደያዙ ሌሎቹን ጣቶች አላልተው ወደ ፊት ያሻግሩ፤ ፍጥነቱ ሳይወርድ አንጓው ይቃናል። ይህ ለምቾት ብቻ አይደለም። አንጓው ወደ ታች በወደቀበት ሁኔታ ጎማው ጉድጓድ ቢመታ ወይም ሞተሩ ወደ ፊት ቢወረወር፣ ወደ ኋላ የተጎተተው ሰውነት ሳይፈልግ ተጨማሪ ነዳጅ ይሰጣል።

ሦስተኛው የጭብጡ ኃይል ነው። ከባድ መኪና ሲያልፍ፣ ዝናብ ሲጀምር፣ ነፋስ ከጎን ሲመታ እጅ በራሱ ይጨብጣል። ችግሩ መጨበጡ አይደለም፤ አደጋው ካለፈ በኋላ ሳይላላ መቅረቱ ነው። ለመፈተሽ ቀጥ ባለ፣ መኪና በሌለበት መንገድ ላይ ክርኖችዎን ጥቂት ከፍ ዝቅ ያድርጉ። መሪው አብሮ ከተወዛወዘ ክንድዎ ግትር ሆኗል ማለት ነው። ትከሻዎን ዝቅ ያድርጉ፣ በረጅሙ ይተንፍሱ፣ ጣቶችዎን ያላሉ። እንዲህ ያለውን ፍተሻ በየተወሰነ ርቀቱ መድገም ልማድ ቢሆን ጥሩ ነው።

3. ክብደትዎን ከእጅ ላይ ያውርዱ

መሪው ማዞሪያ እንጂ መደገፊያ አይደለም። የነዳጅ ታንኩን በጉልበቶችዎ ቀለል አድርገው ይያዙ፣ በሆድዎና በወገብዎ ጡንቻ ራስዎን ይደግፉ፣ ክርኖችዎ ጥቂት ታጥፈው ይቆዩ። መቀመጫው ወደ ፊት የሚያንሸራትት ከሆነ ሳያውቁት በእጅዎ ራስዎን ወደ ኋላ እየገፉ ነው የሚጓዙት፤ ወደ ኋላ ጠጋ ብለው ይቀመጡ። በተቃራኒው ከፊት መከለያ በሌለው ሞተር በከፍተኛ ፍጥነት ሲሄዱ ነፋሱ ደረትዎን ስለሚገፋ በመሪው ላይ ይንጠለጠላሉ። ያኔ መፍትሔው መከለያ መግጠም ወይም ፍጥነት መቀነስ ነው።

4. መሪውንና መጨበጫዎቹን ያስተካክሉ

የፍሬንና የፍሪሲዮን መጨበጫዎች ከፋብሪካ የሚመጡበት ማዕዘን ለሁሉም ሰው አይስማማም። በለመዱት አቀማመጥ ሞተሩ ላይ ይቀመጡ፣ እጅዎን እጀታው ላይ አድርገው ጣቶችዎን ቀጥ አድርገው ይዘርጉ። ጣቶችዎ ያለ ምንም መታጠፍ መጨበጫው ላይ ማረፍ አለባቸው። መጨበጫው ከፍ ብሎ ከተገኘ መጨበጫውን በያዙ ቁጥር አንጓዎ ይሰበራል፤ የያዘውን ቡሎን አላልተው ዝቅ ያድርጉትና መልሰው ያጥብቁት። ብዙ ሞተሮች መጨበጫውን ከእጀታው ማራቂያና ማቅረቢያም አላቸው፤ እጁ ትንሽ የሆነ ሰው ያቅርበው። ስትጨርሱ ፍሬኑን ጨብጣችሁ እስከ መጨረሻው መሥራቱን፣ ጣትም እንደማይጨፈለቅ አረጋግጡ።

መሪውን ከፍ የሚያደርጉ መደቦችም ይሸጣሉ፤ ወደ ፊት ለሚያጎነብስ ሰው ይረዳሉ። ነገር ግን መሪው ሲነሳ ካቦዎቹና የፍሬን ቱቦው ይወጠራሉ። ከገጠሙ በኋላ መሪውን እስከ ጥግ ግራና ቀኝ አዙረው ምንም ነገር እንዳልተሳበ ሳያዩ መንገድ አይውጡ።

5. ነዳጅ መስጫው ራሱ ጤነኛ መሆኑን ይፈትሹ

የከበደ ነዳጅ መስጫ ብዙ ጊዜ በሞላው ጥፋት አይደለም የሚከብደው። ሞተሩን አጥፍተው እጀታውን ቀስ ብለው እስከ መጨረሻው ያዙሩትና ይልቀቁት። ጠቅ ብሎ በራሱ መመለስ አለበት። መሪው ቀጥ ሲል፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ጥግ ሲዞርም ይድገሙት። የሆነ ቦታ ላይ የሚይዝ፣ የሚሻክር ወይም ቀርፈፍ ብሎ የሚመለስ ከሆነ መጀመሪያ የሚታየው የእጀታው ጫፍ ነው፤ ላስቲኩ በመሪው ጫፍ ላይ ካለው ክብደት ጋር እየተፋተገ ሊሆን ይችላል። አዲስ እጀታ ከተገጠመ በኋላ ይህ በጣም የተለመደ ነው፣ ብዙ ሰውም አያየውም። በመሃላቸው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይኑር።

ቀጥሎ ካቦው ነው። የደረቀ፣ የዛገ ወይም በሹል ማዕዘን የታጠፈ ካቦ እያንዳንዱን መዞር ያከብደዋል። ለካቦ የሚሆን ማለስለሻ ይጠቀሙ፤ ክሮቹ መበጣጠስ ከጀመሩ ማለስለስ ዋጋ የለውም፣ ይቀየር። እጀታው የሚዞርበትን ቱቦ አውልቀው አቧራውን ከውስጡና ከመሪው ላይ ይጥረጉ። ወፍራም ግራሶ አይቀቡበት፤ አቧራ ይሰበስብና ተመልሶ ይይዛል።

ነዳጅ መስጠት ከመጀመሩ በፊት እጀታው ያለ ሥራ የሚዞርበት ትንሽ ባዶ ጉዞ መኖር አለበት። በአብዛኞቹ ሞተሮች እጀታው ዳር ላይ ሲለካ ከ2 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ነው፤ የእርስዎን ከሞተሩ መመሪያ ያረጋግጡ። ከበዛ አንጓ በከንቱ ይዞራል፣ ካነሰ ደግሞ አደገኛ ነው። ካስተካከሉ በኋላ አየር በሚገባበት ቦታ ሞተሩን አስነስተው፣ ማርሹ ባዶ ሆኖ፣ መሪውን ከጥግ እስከ ጥግ ያዙሩ። ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይሰጥ ሞተሩ የሚሠራበት ዙር) ከፍ ካለ ካቦው ተወጥሯልና እንደገና ይስተካከል።

ሞላውን ማላላት ወይም በደካማ መቀየር ግን አይታሰብ። ካቦ የሌላቸው፣ በኤሌክትሪክ የሚታዘዙ ነዳጅ መስጫዎችም በቤት ውስጥ የሚነካኩ አይደሉም። በትንሽ መዞር ብዙ ነዳጅ የሚሰጡ ቱቦዎች ይሸጣሉ፤ አንጓን ከመዞር ያሳርፋሉ፣ ነገር ግን ለማዞር የሚያስፈልገው ኃይል ይጨምራል፣ ሞተሩም ቁጡ ይሆናል። ለረጅም ጉዞ አልመርጣቸውም።

6. ንዝረቱን ከምንጩ ይቀንሱ

ሞተሮች ይበልጥ የሚነዝሩበት የዙር መጠን አላቸው። በአንድ ፍጥነት ላይ እጅ ከነዘረ በሰዓት 5 ወይም 10 ኪሎ ሜትር ቀንሱ ወይም ማርሽ ቀይሩ፤ አንዳንዴ ችግሩ በዚህ ብቻ ይጠፋል። ንዝረቱ አዲስ ከሆነ ግን ብልሽት ነው፦ የላላ የሞተር ማሰሪያ ቡሎን፣ ባላንሱ የተዛባ የፊት ጎማ፣ የላላ ወይም የደረቀ ካቴና። እነዚህ ደህና ከሆኑ በመሪው ጫፍ የሚገጠሙ ከበድ ያሉ ክብደቶች ቀጭኑን ንዝረት ይቀንሳሉ።

7. እጀታና ጓንት

ወፍራም እጀታ ትልቅ እጅ ላለው ይረዳል። ትንሽ እጅ ያለው ሰው ግን ጣቶቹ ስለማይዘጉ ይበልጥ ይጨብጣል። ጓንትም እንዲሁ ነው፤ መዳፉ በጣም የወፈረ ጓንት እጀታውን ስለማያስነካ ጭብጡን ያጠነክራል። የጓንቱ ስፌት መዳፍ ላይ እንዳያርፍ፣ አንጓ ላይ ያለው ማሰሪያም እንዳይጠብቅ ይመልከቱ፤ የጠበቀ ማሰሪያ ብቻውን ጣት ያደነዝዛል። ብርድም ጭብጥን ያጠነክራልና በብርድ የሚጓዝ ሰው የእጅ መከለያና የሚሞቅ እጀታ ቅንጦት አይሁኑበት።

8. አሁን ወደ አጋዥ ዕቃዎች

በእጀታው ላይ የሚጠለቅ፣ በመዳፍ ግርጌ የሚገፋ ጠፍጣፋ ማረፊያ አለ። ጣቶች ላልተው መዳፉ በክብደቱ ነዳጁን ይይዛል። ርካሽና ውጤታማ ነው፣ ሲቀመጥ ግን በጉዞ ፍጥነት ላይ መዳፍ እንዲያርፍበት ተደርጎ ይስተካከል። ከተማ ውስጥ፣ ሲዞሩና ሲያቆሙ ወደ ጎን ይዞር ወይም ይውለቅ፤ ፍሬን ለመያዝ የተዘረጋ እጅ ሳያስበው ሊጫነው ይችላል።

በፍትጊያ እጀታውን ባለበት የሚያቆም መቆለፊያ ሌላው ነው። እሱ የሚይዘው እጀታውን እንጂ ፍጥነቱን አይደለም፤ ዳገት ላይ ይቀንሳል፣ ቁልቁለት ላይ ይጨምራል። በእጅ ሲገፋ ያለ ትግል የሚለቅ መሆኑን ቆመው ይሞክሩ። የሚጠቀሙበትም ቀጥ ባለ፣ ደረቅና ባዶ መንገድ ላይ ለጥቂት ሰከንዶች ጣት ለማፍታታት ብቻ ነው፤ እጅም ከመሪው አይራቅ። እጀታውን በላስቲክ ማሰር፣ ወይም ግራ እጅን አሻግሮ ነዳጁን መያዝ የሚባለውን አትሞክሩት። ፋብሪካው ራሱ የገጠመው ፍጥነት መያዣ ያለው ሞተር ካላችሁ ይህ ሁሉ አያስፈልግም።

9. ሳይዝል ይቁሙ

በየአንድ ሰዓቱ ገደማ መቆም፣ እጁ ካስገደደን በኋላ ከመቆም ይሻላል። ወርደው ቀኝ ክንድዎን ወደ ፊት ይዘርጉ፣ መዳፉን ወደ ታች አድርገው በግራ እጅዎ ጣቶቹን ቀስ ብለው ወደ ታችና ወደ ራስዎ ይሳቡ፤ 20 ሰከንድ ያህል ይቆዩ። ከዚያ መዳፉን ወደ ላይ አዙረው ጣቶቹን ወደ ታች ይሳቡ። እጅዎን ያራግፉ፣ ውኃ ይጠጡ።

መደንዘዙ ከጉዞው በኋላ ለቀናት ከቆየ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ ካነቃ፣ ዕቃ ከእጅ መውደቅ ከጀመረ ወይም በብርድ ጊዜ ጣቶች ከነጡ ወደ ሐኪም ይሂዱ። ሲሄዱም የትኞቹ ጣቶች እንደሚደነዝዙ፣ ስንት ሰዓት ከተጓዙ በኋላ እንደሚጀምርና ሲያርፉ ምን ያህል እንደሚቆይ ጽፈው ይያዙ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው።