መኪናው ጎርጎራ፣ እናንተ ጣና ላይ፦ የደሴት ጉዞ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ከጎንደር ተነስቶ በመኪናና በጀልባ የጣናን ደሴቶች መዞር ያን ያህል የሚከብድ ነገር አይደለም። ጉዞው ከተበላሸም አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው የብሱና ውሃው የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው። መንገዱ ክፍት መሆኑን በተነሳችሁበት ቀን ጠዋት መናኸሪያ ያሉ ሾፌሮችን ጠይቁ፤ ይሄን የሚተካ ምክር የለም።

ጀልበኛው «ዛሬ አይሆንም» አለ

ምክንያቱ ንፋስ ነው። ጣና ጠዋት ረግቶ ያረፍድና ከሰዓት በኋላ ይናወጣል። ሐይቁ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አለው፤ ጥልቅ በሚባለው ቦታው ግን 14 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። እንዲህ ባለ ሰፊና ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ማዕበሉ አጫጭርና ተከታታይ ሆኖ ይመጣል፤ ትንሽ ጀልባን የሚያንገላታው እሱ ነው።

በሐይቁ ሰሜን ዳርቻ ያለችው የጎርጎራ ወደብ ከጎንደር ከ60 ኪሎ ሜትር ብዙም አትርቅም። «ቅርብ ነው» ብሎ ቁርሱን በልቶ፣ ቡናውን ሦስቱንም ጠጥቶ 4 ሰዓት ላይ የሚወጣ ሰው ነው ወደቡ ላይ የሚቀረው። መፍትሄው ዋዜማውን ወርዶ ጎርጎራ ማደርና ጎህ እንደቀደደ ውሃ ላይ መሆን ነው። ጀልበኛው እምቢ ካለ ብር ጨምሮ ማግባባት ሞኝነት ነው። እዚያው ጎርጎራ ያለችውን ደብረ ሲና ማርያምን ተሳልማችሁ፣ የግድግዳ ሥዕሎቿን አይታችሁ እደሩ።

መኪናው በአንዱ ወደብ፣ እናንተ በሌላው

የምትከራዩት ሞተር ጀልባ መኪና አይጭንም። ጎርጎራ ተሳፍራችሁ ባሕር ዳር ከወረዳችሁ መኪናውን ለማምጣት በየብስ ግማሽ ሐይቅ መዞር አለባችሁ። ወይ ወደተነሳችሁበት ተመለሱ፣ ወይ ጀልባ የማይሳፈር ሾፌር ይኑራችሁ፤ በአዘዞ፣ በማክሰኚት፣ በእንፍራዝ፣ በአዲስ ዘመንና በወረታ አድርጎ ባሕር ዳር ይጠብቃችሁ። ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ጀልባ ላይ የወጣ ጓደኛ ይህን ሁሉ ያፈርሰዋልና ከመሳፈራችሁ በፊት ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ እዩ። «እንደዋወላለን» ተባብሎ መለያየትም አያስተማምንም፤ ሐይቁ መሃል ኔትወርክ ይጠፋል። ሰዓቱንና ቦታውን ቁርጥ አድርጋችሁ ተለያዩ።

ፍላጎታችሁ የደቡቡ ገዳማት ከሆኑ ደግሞ ከጎርጎራ መነሳቱ ትርፉ ድካም ነው። በመኪና ባሕር ዳር ድረስ ሄዳችሁ ከዚያ ጀምሩ። ባሕር ዳር አጠገብ ወዳለው የዘጌ ልሳነ ምድርም በመኪና ይገባል።

ሞተሩ ይጮኻል፣ ጀልባው አይሄድም

ፕሮፔለሩ ላይ እምቦጭ የሚባለው የውሃ አረም ወይም የአሣ መረብ ተጠምጥሟል። እምቦጭ በተለይ ሰሜን ምሥራቁን ዳርቻ ይዟል። ጋዝ መጨመር ነገሩን ያባብሰዋል፦ ሞተሩ የሚቀዘቅዘው ከሐይቁ በሚስበው ውሃ ስለሆነ ሥሩ መሳቢያውን ከደፈነው ይግላል። ምልክቱን ከመቀመጫችሁ ሆናችሁ ታዩታላችሁ፤ ከሞተሩ ጎን ቀጭን የውሃ ጅረት ያለማቋረጥ መፍሰስ አለበት። እሱ ከቆመ ለጀልበኛው ንገሩት። ሞተሩ ይጥፋ፣ ከውሃው ይነሳ፣ ሥሩ በቢላ ይቆረጥ። ሳያጠፉ እጅ መክተት ጣት ያሳጣል። ዳግም ሲነሳ ጅረቱ ካልተመለሰ የመሳቢያው ቀዳዳዎች በቀጭን ሽቦ እስኪጸዱ መንገድ አይቀጠል። ላይፍ ጃኬት የምትለብሱት እንግዲህ ያኔ ሳይሆን ገና ስትሳፈሩ ነው።

ደሴቱ ተደርሶ ግማሹ ሰው ጀልባ ላይ ቀረ

ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ክብራን ገብርኤልና ጎርጎራ አቅራቢያ ያለው «ማን እንደ አባ» የሚባለው ገዳም ሴት አያስገቡም። ቤተ መንግሥቱን ጎንደር ላይ ያየ ሰው የዐፄ ፋሲልን አጽም ዳጋ ሄዶ ማየት ይፈልጋል፤ እህቶቹን ይዞ ከሆነ ግን ቀድሞ ይንገራቸው። ለሁሉም የሚሆነው እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ደቅ ደሴት ላይ ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ ነው። ዘጌ ያለችው ኡራ ኪዳነ ምሕረትም ሴት ታስገባለች። ነጠላና ዝርዝር ብር ያዙ።

ጎማው ዋልካ ውስጥ ገባ

ወደ ጎርጎራ ስትወርዱ የምታቋርጡት የደምቢያ ሜዳ በክረምት ከዋናው መንገድ ለሚወጣ አይመችም። ከተያዛችሁ ነዳጅ አትርገጡ፤ ጎማው ይበልጥ ይቀበራል። ጭነት አውርዱ፣ የጎማውን አየር ትንሽ ቀንሱ፣ ፊት ለፊቱ ድንጋይና ጭድ አንጥፉ፣ ከዚያ በአንደኛ ማርሽ ቀስ።

ሲመለሱ የሒሳብ ጭቅጭቅ

አንዱ ዋጋውን ለጀልባው፣ ሌላው ለአንድ ሰው አድርጎ ገብቶታል። ደሴት ላይ የሚጠበቅበት ሰዓትና ነዳጁ በዋጋው ውስጥ መሆኑን ምስክር ባለበት አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ ግማሹን ክፈሉ። ቀሪውን መኪናችሁ የቆመበት ወደብ ስትወርዱ።