«ከስንት?»፦ የምርጫና የገበያ ዜናን ሳይደነግጡ የማንበብ ዘዴ

የምርጫ ሰሞን ዜና ሁለት ዓይነት ነው፤ «እገሌ መራ» እና «ገበያው ወደቀ»። ሁለቱም ቁጥር ታቅፈው ይመጣሉ፤ ቁጥር ደግሞ ለብቻው ሲቆም ግዙፍ ይመስላል። ዜናው እንደደረሰ የመጀመሪያው ሥራ «ከስንት?» ብሎ መጠየቅ ነው። የስልክ ካልኩሌተርና አምስት ደቂቃ ይበቃል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሕዝብ አስተያየት ጥናት እንጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚያ ነው። ስንት ሰው እንደተጠየቀ ፈልጉ፣ የቁጥሩን ስኩዌር ሩት አውጡ፣ 1ን ለውጤቱ አካፍሉ። 1,000 ሰው ከሆነ 0.032 ገደማ ይወጣል፤ የስህተት ህዳጉ (እውነተኛው ቁጥር ጥናቱ ካወጣው ሊርቅ የሚችልበት ልክ) ወደላይም ወደታችም 3 የመቶኛ ነጥብ ያህል ነው ማለት ነው። ለ400 ሰው 5፣ ለ100 ሰው 10 ነጥብ ይሆናል። የአገሩ ሕዝብ 5 ሚሊዮን ይሁን 300 ሚሊዮን ስሌቱን አይለውጠውም ማለት ይቻላል። ህዳጉን በግማሽ ለመቀነስ ግን አራት እጥፍ ሰው መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ወጪው ከጥቅሙ ስለሚበልጥ ብዙዎቹ ጥናቶች 1,000 አካባቢ ይቆማሉ።

አሁን ርዕሱን ተመልከቱ፤ አንዱ ዕጩ 48፣ ሌላው 45፣ ህዳጉ 3። ዜናው «በ3 ነጥብ መራ» ይላል። የመጀመሪያው ከ45 እስከ 51፣ ሁለተኛው ከ42 እስከ 48 ሊሆን ስለሚችል ቦታ ሊለዋወጡም ይችላሉ። በሁለቱ መካከል ላለው ልዩነት ህዳጉን በሁለት አባዙት፤ ልዩነቱ ከ6 ካነሰ «ተናንቀዋል» ብላችሁ እለፉ። «ገና አልወሰንኩም» ያሉት ከልዩነቱ ከበለጡም እንዲሁ። «ወጣቶች ፊታቸውን አዞሩ» የሚል ንዑስ ርዕስ ካያችሁ ከ1,000ው ውስጥ ወጣቶቹ ስንት እንደነበሩ ፈልጉ። 100 ከነበሩ ህዳጋቸው 10 ነጥብ ነው፤ ፊታቸውን ያዞሩት ወጣቶቹ ሳይሆኑ ቁጥሮቹ ሊሆኑ ይችላሉ።

ብዛት ብቻውን ግን አያድንም። በ1936 ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰብስቦ በፕሬዚዳንታዊው ምርጫ ላንደን ሩዝቬልትን ያሸንፋል አለ። ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ወሰደ። መጽሔቱ አድራሻ የለቀመው በአብዛኛው ከስልክና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነበር፤ በዚያ የችግር ዘመን ስልክና መኪና የነበረው ማን እንደሆነ መገመት አያስቸግርም። መጠይቁ ከደረሳቸው መካከልም የመለሰው ሩብ ያህሉ ነበር፤ ለመመለስ የሚቸኩለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የተናደደው ነው። አንድ ድረ ገጽ «100 ሺህ አንባቢዎቻችን ድምፅ ሰጡ» ሲላችሁ ይህን አስታውሱ፤ የዚያ ጥናት ህዳግ በስኩዌር ሩት አይለካም።

ቀኑንም እዩ። በ1948 የአሜሪካ ምርጫ አጥኚዎቹ ፕሬዚዳንት ትሩማን በተቀናቃኙ በዲዊ መሸነፉ አይቀርም ብለው ከምርጫው አስቀድመው መጠየቅ አቆሙ። ቺካጎ ትሪቢዩን «ዲዊ ትሩማንን ድል አደረገ» የሚል ርዕስ አትሞ አደረ፤ ያሸነፈው ትሩማን ጋዜጣውን ከፍ አድርጎ እየሳቀ ፎቶ ተነሳበት። የታተመበት ቀን ሳይሆን ሰው የተጠየቀበት ቀን ነው የሚቆጠረው።

ወደ ገበያው ስንሻገር ወጥመዱ «ነጥብ» የሚለው ቃል ነው። ኦክቶበር 19 ቀን 1987 ዳው ጆንስ የተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ መለኪያ 508 ነጥብ ወረደ። ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2018 ደግሞ 1,175 ነጥብ ወረደና «እስከዛሬ ትልቁ የነጥብ ውድቀት» ተባለ። የትኛው ይብሳል? የወረደውን ነጥብ ከውድቀቱ በፊት ለነበረው አካፍሉ። በ1987 መነሻው 2,247 ገደማ ስለነበር 22.6 በመቶ ይወጣል፤ በ2018 መነሻው 25,500 ገደማ ስለነበር 4.6 በመቶ ብቻ ነው። መነሻውን የማይነግራችሁን ርዕስ በሬ ወለደ በሉት።

መውረድና መውጣትም እኩል አይደሉም። 100 የነበረው 20 በመቶ ቢወርድ 80 ይሆናል፤ ወደ 100 ለመመለስ 25 በመቶ መውጣት አለበት። በ50 በመቶ የወረደ 100 በመቶ መውጣት አለበት። ስለዚህ «ትናንት 10 ወረደ፣ ዛሬ 10 ወጣ፣ ተካካሱ» የሚል ሰው 1 በመቶ ከኪሱ ተወስዶበታል።

ፖለቲካውና ገበያው ሲገናኙ ደግሞ ጥንቃቄው ይብሳል። ሴፕቴምበር 29 ቀን 2008 የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት የባንኮችን ማዳኛ ዕቅድ 228 ለ205 ሲጥለው ዳው ጆንስ 777 ነጥብ፣ ማለትም 7 በመቶ ገደማ ወረደ። በማግስቱ 485 ነጥብ መለሰ። «ተፈወሰ» ያሉ ነበሩ፤ ገበያው ግን እስከ ማርች 2009 ቁልቁለቱን አልጨረሰም። በዚህ ጊዜ ምክንያትና ውጤቱ በአንድ ቀን ግልጽ ነበሩ፤ ብዙውን ጊዜ ግን አይደሉም። «ገበያው በምርጫው ስጋት ወረደ» የሚለውን ለመፈተን «ወረደ»ን በ«ወጣ»፣ «ስጋት»ን በ«ተስፋ» ቀይሩና አንብቡት። እኩል የሚያሳምን ከሆነ ምክንያቱ የተጻፈው ገበያው ከተዘጋ በኋላ ነው።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም እንዲሉ፣ የምርጫ ሰሞን ጠንቋይም አያጣም። ፖል የተባለው ኦክቶፐስ በ2010 የዓለም ዋንጫ የስምንት ጨዋታ አሸናፊ ለይቶ ስምንቱንም አገኘ። በግምት ብቻ ይህን የማግኘት ዕድል ከ256 አንድ ነው። ብርቅ ነው፤ ግን በዓለም ዙሪያ ስንት እንስሳ ያን ሰሞን ይተነብይ እንደነበር ጠይቁ። የተሳሳቱት ዜና አይሆኑም። በአሜሪካም የዋሽንግተን ፉትቦል ቡድን ከምርጫው በፊት በሜዳው የሚያደርገው የመጨረሻ ጨዋታ ፕሬዚዳንቱን ይናገራል ይባል ነበር፤ ከ1940 እስከ 2000 ሠራ፣ በ2004 ከሸፈ። ብዙ ሺህ ነገር ከምርጫ ውጤት ጋር ያመሳከረ ሰው ጥቂቱ ሲገጥምለት ቢያይ አይገርምም።

አስቂኝ ወሬ ሁሉ ውሸት ነው ማለትም አይደለም። ቦታውን፣ ዓመቱንና «ከዚያስ ምን ሆነ?» የሚለውን አጣሩ። በ1959 በብራዚሏ ሳኦ ፓውሎ የከተማ ምክር ቤት ምርጫ ካካሬኮ የተባለች አውራሪስ 100 ሺህ ገደማ ድምፅ ማግኘቷ እውነት ነው፤ «ተመረጠች» የሚለው ግን ልክ አይደለም፣ ድምፆቹ ተሰርዘዋል። በ2017ቱ የአሜሪካዋ ቨርጂኒያ ግዛት ምክር ቤት ምርጫ ሁለት ዕጩዎች 11,608 ለ11,608 እኩል ወጥተው አሸናፊው ከጎድጓዳ ሳህን በወጣ ዕጣ መለየቱ ግን እንዳለ እውነት ነው።

በየጨዋታው ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚተነብይ ወዳጅ ካላችሁ ደግሞ መመዘኛ አለ፤ ግሌን ብራየር የተባለው የአየር ጠባይ ባለሙያ በ1950 ያቀረበው ነው። ወዳጃችሁ «ያሸንፋል» ከማለት ፋንታ በመቶኛ እንዲናገር አስገድዱትና ቀኑን ጨምራችሁ ጻፉት። «90 በመቶ» ካለ 0.9 ያዙ። ከሆነለት 1፣ ካልሆነለት 0 አድርጉ፤ ሁለቱን አቀናንሱና ልዩነቱን በራሱ አባዙ። ከሆነለት 0.01፣ ካልሆነለት 0.81 ይመዘገብበታል። አማካዩ ሲያንስ ይሻላል። ሁልጊዜ «50 በመቶ» የሚል ሰው ምንም ሳያውቅ 0.25 ያገኛል፤ ከዚያ የባሰ ወዳጅ ሁልጊዜ «50 በመቶ» ቢል ይሻለው ነበር። ከ30 ባነሰ ትንበያ ግን ማንንም አታሞግሱ፣ ማንንም አትዝለፉ፤ ኦክቶፐሱም እስከ ስምንት ደርሶ ነበር።